ግማሹ ጭስ ማውጫ

ቅናት አይደለም! ስማኝ ወንድም ጋሼ፣ ምንህን ነው የምቀናብህ? መነጽርህን? ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተጎልቶ የሚንቋቋ ወገብህን? «ቅናት ነው የሚያናግርሽ» ብለህ ጆሮዬ ላይ ከዘጋህ ጀምሮ ይኸው እንቅልፍ የለኝ፣ ምግብ አይወርድልኝ። መልሼ ስደውል ይጠራል፣ ይጠራል፣ ኋላ ጭራሽ መጥራቱንም ተወ። ቁጥሬን ዘጋህብኝ አይደል? የገዛ እህትህን እንደ ማስታወቂያ ዘጋሃት! እሺ። ወረቀት ግን አይዘጋም። ይኼን ደብዳቤ የሳሙና መኪናው ሹፌር ነው የሚያመጣልህ። ጠዋት ጭኖ ሲወጣ ይዞት ይወጣል፣ አሥር ሰዓት ላይ አንተ ቢሮ በር ላይ ነው። እጅህ ላይ ሳያስቀምጥ እንዳይሄድ አስምዬዋለሁ። መንገድ ላይ ከፍቶ እንዳያነብ ደሞ ዙሪያውን በስቴፕለር መትቼዋለሁ፤ ስትከፍተው ቢወጋህ ደስታዬ ነው።

እማዬ አጠገቤ ብትሆን «ሰው በስድብ ደብዳቤ ይጀምራል እንዴ?» ትለኝ ነበር። በቃ እሺ። እንዴት ነህ? ጤናህስ? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀህ? የተከራየሃት ክፍል ጣሪያዋ አሁንም ያፈሳል ወይስ አከራይህ አፈረ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፣ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን ያማታል እንጂ። የምርቃት ፎቶህን በየቀኑ ትወለውለዋለች፤ ከመወልወል ብዛት መስታወቱ ካንተ ይልቅ እሷን ማሳየት ጀምሯል። እኔም ደህና ነኝ፣ ማለቴ እጄም እግሬም አለ። አባዬ ደሞ… ስለ አባዬ ነው የምጽፍልህ።

በስልክ ስጮህብህ ግማሹን አልሰማኸኝም መሰለኝ። አሁን ሳልጮህ፣ ከሥሩ ልንገርህ።

የፋብሪካው የኋላ አጥር በኩል የሳሙና ካርቶን እየተሰረቀ አስቸገረ። ሥራ አስኪያጁ አባዬ የሚያድርባትን የዘበኛ ቤት ከዋናው በር አስነስቶ ወደ ኋላ አዛወራት። ታውቃታለህ፣ ያቺ አንድ ሰው እንዲገባ ሌላው መውጣት ያለበት የቆርቆሮ ቤት። የት እንዳቆሟት ገምት። አዲሱ ጭስ ማውጫ ሥር! ሥር ስልህ ሥሩ ነው፤ አባዬ ከወንበሩ ሳይነሳ እጁን በመስኮት አውጥቶ ብረቱን ይነካዋል። የቀኑ ዘበኛ «እኔ ይኼን የሚያህል ብረት አናቴ ላይ አቁሜ አልውልም» ብሎ ወንበሩን ይዞ ጥላ ሥር ተቀመጠ። አባዬ ምን አለ መሰለህ? «እኔ እገባለሁ፣ የልጄ ናት።» የልጄ ናት! አንተ የወለድካት፣ እሱ አያት የሆነ ይመስል።

ለሚገባው ሹፌር፣ ለሚዛን ሠራተኛው፣ ለቆሻሻ ጫኙ ሳይቀር ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «ይቺን ነፋስ እንዳይጥላት ያሰላው ልጄ ነው፣ በኮምፒውተር» ይላል። «ነፋስ ይሰላል እንዴ?» ሲሉት «ልጄ ያሰላዋል» ብሎ ይኮራል። ቀጥሎ ምን እንደሚል ስለማያውቅ ወሬውን እዚያው ላይ አቁሞ ይስቃል። ያን ሳቁን ታውቀዋለህ።

በዚህ ወቅት የምሽቱ ነፋስ እንዴት እንደሆነ አትረሳውም። ፀሐይ ስትጠልቅ ከሜዳው በኩል ይነሳል። ኃይለኛ አይደለም፣ የተሰጣ ልብስ እንኳን አይጥልም፤ ግን አያቆምም። እሱ ሲነሳ ጭስ ማውጫዋ ታጉረመርም ጀመር። መጀመሪያ የቦይለሩ ድምፅ መስሎን ነበር። ቦይለሩ ጠፍቶም ታጉረመርማለች። እራቱን ላደርስለት ሄጄ ጀርባዬን ቆርቆሮው ላይ ደገፍ ሳደርግ ጥርሴ ውስጥ ተሰማኝ። ቀና ብዬ ሳያት ጫፏ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ትላለች። ነፋሱ ከፊቷ እየመጣ እሷ ወደ ጎን! «አባዬ፣ ኧረ ትወዛወዛለች» ስለው «ረጅም ነገር ሁሉ ይወዛወዛል፣ ዛፍ አይወዛወዝም?» አለኝ። ዛፍ ሥር አለው አልኩት። «እሷም ልጄ አላት» አለኝ። ምን ትለዋለህ እንዲህ ያለውን ሰው?

ከዚያ ዳዶዋ ወደቀች። ከላይ ከመጋጠሚያው፣ ጡጫዬን የምታህል ዳዶ። ከመወዛወዝ ብዛት ከብሎኗ ላይ ራሷን ፈትታ ነው የወረደችው። የቤቷን ቆርቆሮ በስታ ገብታ አባዬ እግሩን ከሚዘረጋበት አጠገብ ሲሚንቶውን ሰነጠቀችው። ሰው ቢሆን ይሮጣል። አባታችን ግን አነሳት፣ አገላብጦ አያት፣ «ከባድ ናት» አለ፣ በሩ እንዳይዘጋ ማስደገፊያ አደረጋት። ቀዳዳውን በላስቲክ ሸፈነው። በቃ። ጠዋት ቤት መጥቶ ስለ ሌላ ሲያወራ ዋለ። እኔ ራሱ ያወቅኩት እራት ሳደርስ በሩ ላይ አደናቅፋኝ ነው።

በያጁን ታስታውሰዋለህ፣ «ጭንብል» የምንለውን፣ ፊቱን ያየ ሰው የለም እያልን የምንስቅበትን? እሱ መንገድ ላይ ጠራኝ። ጭንብሉን አውልቆ! ያኔ ነው የፈራሁት። ከታች ብረቱ ወለሉ ላይ የታሰረበት ብየዳ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ዙሪያውን እየሄደች ነው አለኝ። በነጋ ቁጥር ካደረችበት ትረዝማለች አለኝ። ለሥራ አስኪያጁ ቢነግረው «አንተ ብየድ፣ ወሬ አታብዛ» አለው። ብረቱ እየተወዛወዘ ብየዳው አይይዝም፣ መጀመሪያ መወዛወዟ መቆም አለበት ቢለው ደሞ ቀለም ቀቢ ጠርቶ አስቀባው። ከጣሳው የተረፈውን ለዘበኛ ቤቷም ቀቡላት፤ አባዬ ደስ ብሎት አመሰገነ። በጣም አምሮ ነበር። ትናንት ቀለሙም ተሰነጠቀ።

«ነፋሱ ዛሬም እንዲህ ከሆነ እኔ በዚያ በኩል አላልፍም፤ አባትሽን አስወጪ» አለኝ ጭንብል። ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት፣ ከዚያ በላይ አፉን አይከፍትም። አልፈርድበትም። ያንተ አፍ ነው የሚያቃጥለኝ።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። አንኳኩቼ ነው የገባሁት ብልህ አታምነኝም፣ ስለዚህ አልልህም። ጭስ ማውጫህ ልትወድቅ ነው አልኩት። ሰውዬው አልተቆጣም እኮ! ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። መሳቢያውን ስቦ ያንተን ሪፖርት አወጣና ፊርማህን በእስክሪብቶው ጫፍ መታ መታ አደረገልኝ። መጀመሪያ በመጣው ንድፍ ላይ ከጫፏ ጀምሮ የሚጠመጠም ብረት ነበረ፣ እንደ ብሎን ጥርስ ዙሪያዋን የሚዞር። «አያስፈልግም ብሎ የጻፈልን የገዛ ወንድምሽ ነው። ካላመንሽው ሂጂ ከሱ ጋር ተጣዪ» አለኝ። ቀጥሎ «ለመሆኑ ስንተኛ ክፍል ነሽ?» አለኝ። «ወድቄ ወጥቻለሁ፤ እኔ ግን ስወድቅ ሰው ላይ አልወደቅኩም» አልኩት።

«ዘበኛ ጥሩልኝ!» አለ።

ሰዓቱ የፈረቃ መቀየሪያ ነበር። የትኛው ዘበኛ እንደመጣ እኔ ልንገርህ ወይስ ታውቀዋለህ?

አባዬ ኮፍያውን አስተካክሎ ገባ። አየኝ። ክንዴን ያዘና፣ ልክ እንደ ሌባ ሳይሆን ልክ መንገድ እንደሚያሻግረኝ ይዞ አወጣኝ። የማሸጊያ ሴቶቹ ሁሉ ሥራ አቁመው ያዩናል። በሩ ጋ ስንደርስ የሹራቤን እጅጌ ሳበልኝ፣ ተጨማዶ ነበር። «ወንድምሽ ዓይኑ እስኪፈዝ ተምሮ ነው ያንን ወረቀት የጻፈው። እኔ አባቱ ፈርቼ ከዚያ ቤት ብወጣ ሰው ምን ይላል? አባቱም አላመነው ነው የሚባለው» አለኝ። ያ የት/ቤቱን ጣሪያ የገነጠለው ነፋስ እንኳን ምንም አላደረጋትም አለኝ። እሱ አይደለም የሚጥላት፣ ለስላሳው ነው፣ ልጅህ ራሱ ነግሮኛል ስለው ሳቀብኝ። ለስላሳ ነፋስ ብረት ይጥላል ብላ የምታወራ ልጅ ያለችው እሱ ብቻ መሆኑን እግዜር ይወቅለት አለ። ኋላ ግን ሳቁን ተወ። «እሱ ራሱ ደውሎ ውጣ ካለኝ እወጣለሁ» አለኝ። «ያን ጊዜ ነው የምወጣው።»

ገባህ? እኔ ብጮህ፣ ጭንብል ቢምል፣ ዳዶ በጣሪያ ብትገባ አይወጣም። የሚያስወጣው ያንተ አፍ ብቻ ነው።

አንተ ደሞ ይኼን ሁሉ ከኔ በፊት ታውቃለህ። በስልክ ስነግርህ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ ስል ማስረዳት ጀመርክ። ሲጨንቅህ ሁልጊዜ አስተማሪ ትሆናለህ። ነፋስ እንደ ዓሣ የሾለ ነገር ሲያገኝ ታክኮት ያልፋል፣ እንደ ጭስ ማውጫ ዱልዱም የሆነ ነገር ሲያገኝ ግን ዙሪያውን ተከትሎ መጨረስ አይችልም አልክ። ከጎኑ ተላቆ ከጀርባው ይሽከረከራል፣ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ። አንዱ አዙሪት በተላቀቀ ቁጥር ብረቷን ወደ ጎን ሳብ ያደርጋታል። ኃይለኛው ነፋስ ቸኩሎ ስለሚጎትታት ከእሷ ውዝዋዜ ጋር አይገጥምም፤ ለስላሳው ግን ይገጥማል፣ ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅን በተመለሰ ቁጥር በአንድ ጣት እንደ መግፋት ነው አልክ። ያ የሚጠመጠመው ብረት አዙሪቶቹን እንዲበትን የተሠራ ነው አልክ። ሁሉንም ገባኝ። ድሮም አንተ ስታስረዳ ይገባኛል፣ ለዚህ እኮ ነው ያበድኩት!

ከዚያ ድምፅህ ወረደ። ስሌቱ ላይ ስህተት ሠርቻለሁ አልክ። ግራና ቀኟ አንድ ስለሆነ ጊዜ ለመቆጠብ ጭስ ማውጫዋን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቀህ ግማሿን ብቻ ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዳስገባህ፣ የተቆረጠችበት ላይ መስታወት ያቆምክ ያህል እንደሆነ ነገርከኝ። መስታወት ካለ ደሞ ግራው ያደረገውን ቀኙ እኩል ከማድረግ ሌላ ምርጫ የለውም፣ ስለዚህ መፈራረቅ የሚባል ነገር ጭራሽ ሊመጣ አይችልም። «በግማሹ ፀጥ ያለች ነበረች። ጀማሪ የሚሠራው ስህተት ነው» አልከኝ።

ስህተት። እሺ።

ያንን ስሌት የሠራኸው እዚሁ በመጋረጃ በምንካፈላት ክፍል ውስጥ ነበር፣ ትዝ ይልሃል? ኮምፒውተሩ እንደ ምድጃ እየጋለ፣ ማራገቢያው እያቃሰተ። እኔ ደሞ ዳስተር ወርውሬ ከክፍል የተባረርኩበት ሰሞን ነበር። አስተማሪው «የወንድምሽ ጭንቅላት ሩቡ እንኳን ቢኖርሽ» ሲለኝ የወረወርኩበት። እማዬ ታለቅሳለች፣ አባዬ አያናግረኝም፣ አንተ ብቻ መጥተህ «ዳስተር እኮ ዱልዱም አካል ነው፣ ቀጥ ብሎ አይበርም፤ እንዴት አድርገሽ ነው ግንባሩን ያገኘሽው?» አልከኝ። በእንባዬ መሀል ሳቅኩ። ወንበር ስበህ አጠገብህ አስቀመጥከኝና የነፋሱን ስዕል አሳየኸኝ።

ክብ ነበረች ወንድም ጋሼ። ሙሉ ክብ። ቀይና ሰማያዊው ከኋላዋ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ይቆለመማል። «ጌታዋን ያየች ውሻ ትመስላለች፣ ጭራዋን ስትቆላ» አልኩህ። አንተ አልሳቅክም። ቀልዴ አላስቅ ብሎህ መስሎኝ አኮረፍኩ።

ኋላ ሥራ አስኪያጁ በመኪናው መጥቶ በር ላይ አናገረህ። ከመኪናው አልወረደም፤ አንተ ነህ በመስኮቱ ጎንበስ ብለህ የሰማኸው። ምን እንዳለህ አልሰማሁም። ስትገባ ኮምፒውተሩን እንደገና አስጮህከው፣ በዚህኛው ግን ቶሎ ጨረሰ። አልፌ ሳይ ስዕሉ ላይ ያለችው እንደተከፈለ ሽንኩርት ግማሽ ናት። «ውሻዋ ጭራዋን ምን አደረገችው?» አልኩህ። «ሂጂ እማዬን አግዢ» አልከኝ። ፊትህን አላዞርክም።

ምንም እየጠየቅኩህ አይደለም። እኔ ትምህርት ላይ ወድቃ የወጣች ልጅ ነኝ፣ ስዕል አይቼ ምን አውቃለሁ? ስህተት ነው በል። ለሥራ አስኪያጁም ስህተት ነው በለው፣ ለአባዬም ስህተት ነው በለው። እኔ እስክሞት ስህተት ነው እላለሁ። ከአፌ ሌላ ነገር አይወጣም፣ ይኼን ወረቀት ደሞ አንብበህ ቅደደው። ብቻ ደውል።

ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ ብለኸኝ ነበር። ፋብሪካው ለጥገና ሲቆም ጥምዝ ብረቱ እንዲጨመር አደርጋለሁ፣ እስከዚያ አትናገሪ፣ ከተሰማ የመሐንዲስነት ፈቃዴን ይነጥቁኛል፣ እማዬም ትሰበራለች አልክ። ይንጠቁህ! መጥተህ ከኔ ጋር ሥራ ፍታ። አሠለጥንሃለሁ፤ ሥራ መፍታት እንደምታስበው ቀላል አይደለም፣ ጠዋት ተነስተህ ማንን እንደምትሰድብ ማሰብ አለብህ። እማዬ ደሞ ፎቶህን መወልወል አትተውም፣ ፈቃድ ኖረህ አልኖረህ። ወረቀቱ ከአባታችን በላይ ያስጨንቅሃል ስልህ ነው «ቅናት ነው» ብለህ የዘጋኸው። እውነቱ ባይነካህ አትዘጋውም ነበር።

ትናንት እራቱን ሳደርስለት አባዬ ምን እንዳደረገ ልንገርህና ልጨርስ። ሲበላ ውሃው ብርጭቆ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። በየጊዜው ብርጭቆውን በእጁ መዳፍ ይሸፍነዋል። አቧራ እንዳይገባበት መስሎኝ ነበር፤ ለካ እኔ እንዳላየው ነው።

እሱም ያውቃል ወንድም ጋሼ። አንተን እየጠበቀ ነው።

ስለዚህ ይኼን አንብበህ እንደጨረስክ፣ ሳታስብ፣ ሳትንጎራደድ፣ ሥራ አስኪያጁ ጋ ደውልና ሰው ከሥሯ ያስነሳ፣ ቦይለሩን ያጥፋ፣ በገመድ ያስይዛት። ያንተን ድምፅ ይሰማል፤ ፊርማህን እንደሰማ ሁሉ። ከዚያ ለአባዬ ደውል፤ በዚያ ሰዓት ፈረቃ ገብቷል። ብዙ ንግግር አያስፈልግም። ውጣ በለው፣ በቃ። የሱን ሞባይል ላይ እንዳትሞክር፤ ጉልበቷ ካመማት ትደውልበታለች ብሎ ለእማዬ ትቶላት ነው የሚወጣው። በዘበኛ ቤቷ ስልክ ደውል፣ ቁጥሩ አልተቀየረም። ጆሮው እንደ ድሮው አይደለም፣ ጭስ ማውጫዋ ስታጉረመርም ደሞ ጥሪውን ላይሰማው ይችላል። ግድ የለም፣ እኔ አነሳዋለሁ። ለእማዬ ዛሬ ጓደኛዬ ጋ ነው የማድረው ብያታለሁ። ጓደኛ እንደሌለኝ አታውቅም። ወፍራሙን ሹራብ ለብሻለሁ፣ ለሁለት የሚበቃ እራትም ቋጥሬያለሁ።

ፈጣሪ ጤናህን ይመልስልህ፣ ሳልህን ያርቅልህ፣ የተዘጋ አፍህን ይክፈትልህ። ስሰድብህ የኖርኩት ስለምወድህ ነው፤ የማልወደውን ሰው ዳስተር ነው የምወረውርበት። ለአከራይህ ጣሪያውን እንዲያስጠግን ንገረው፣ ብርድ አትታመም።

እህትህ

ቁጥሬን ከፈለግክ እንደተዘጋ ተወው፣ በኔ ስልክ አይደለም ደውል የምልህ። በዘበኛ ቤቷ ደውል። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ነፋሱ ሳይነሳ ደውል። ሰማኸኝ? ሳይመሽ ደውል!